ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት እግርህን ለካ

ኮርሳ ሊገዛ የገባ ሰው የሚጠይቀውን ሰምቼ ሰምቼ በቃኝ። «ስንት ነው?» ይላል። «መጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። «ጥቁሩ የለም?» ይላል። «ፍሬሙ ስንት ነው?» የሚል ግን ከስንት አንዱ ነው። ገዝቶ በወሩ ጉልበቱን እያሸ፣ ወገቡን እየደገፈ «ሳይክል ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል። ወንድሜ፣ ሳይክል ይሆንሃል፤ ያልሆነህ ያ የገዛኸው ነው! እንግዲህ በሆሳዕናም በዱራሜም፣ በሾኔም በሺንሽቾም ስለ ሳይክል ልክ የሚባለውን አንድ በአንድ አንስቼ መልሱን እሰጣለሁ። ቅር ያለው ሜትሩን ይዞ ይምጣ።

«ሳይክል ሳይክል ነው፤ ደግሞ ልክ አለው እንዴ?»

አለው እንጂ! ከጥንት ጀምሮ አለው። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓ ውስጥ የሚነዳው ሳይክል የፊት ጎማው የሰው ደረት የሚደርስ፣ የኋላው ደግሞ ትንሽ ነበር። ፔዳሉ የፊት ጎማው መሃል ላይ ስለተገጠመ ጎማው በተለቀ ቁጥር በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ይኬዳል። የጎማውን ትልቀት የሚወስነው ታዲያ የነጂው እግር ነበር። ረጅም እግር ያለው ትልቅ ጎማ ይገዛል፤ አጭር እግር ያለው አነስ ያለውን ይወስዳል። ሰው እግሩን ሳያስለካ ሳይክል አይገዛም ነበር ማለት ነው። በ1885 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ጆን ኬምፕ ስታርሌይ «ሮቨር» የተባለውን ሳይክል ሲያወጣ ሁለቱ ጎማዎች በትልቀት ተቀራረቡ፣ ካቴናው ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ ወሰደው፣ ልኩም ከጎማው ወደ ፍሬሙ ተዛወረ። ዛሬ አብዛኛው ኮርሳ ለአጭሩም ለረጅሙም ጎማው 700 ነው። ከሩቅ ስታየው ሁሉም አንድ የሚመስልህ ለዚህ ነው። ልዩነቱ ያለው አንተ በማትጠይቀው ብረት ላይ ነው።

ቁጥሩን ለማታውቀው ልንገርህ። የኮርሳ ፍሬም በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ከ48 እስከ 60 አካባቢ ታገኛለህ። የማውንቴን ፍሬም በኢንች ይለካል፤ 15፣ 17፣ 19 እያለ ይሄዳል። የልጆች ሳይክል ደግሞ በጎማው ኢንች ይጠራል፤ 12፣ 16፣ 20፣ 24። ስለዚህ ፍሬም ስትጠይቀው «ሃያ ስድስት ነው» ያለህ ሻጭ የነገረህ የጎማውን ቁጥር ነው። «ጎማውን አይቼዋለሁ፤ ፍሬሙን ንገረኝ» በለው።

«ትልቅ ይሁን፤ ልጁ ያድግበታል።»

ጋሼ፣ ለያሆዴ ወይም ለመሳላ በዓል የሚገዛ ሱሪ መሰልዎት እንዴ ታጥፎ የሚሰፋው? ሱሪ ቢሰፋ ልጁ ቀበቶ ያጠብቃል። ሳይክል ቢሰፋ ልጁ ፍሬን አይደርስበትም!

እስቲ ትልቅ ሳይክል ላይ የወጣ ልጅ ቀረብ ብለው ይዩ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግሩ ስለሚያጥረው ዳሌውን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እየጣለ ይነዳል። መሪውን ለመያዝ ክንዱ ቀጥ ብሎ ይገተራል፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል። ጣቱ የፍሬኑን እጀታ በጫፉ ብቻ ይነካዋል። አሁን ይህ ልጅ ቁልቁለት ላይ ነው እንበል። ባጃጅ ድንገት ከፊቱ ዞረ። በጣት ጫፍ የተነካ ፍሬን ጎማ አያቆምም። እንደምንም ቢያቆመው እንኳ መሬት የሚደርሰው በአንድ እግሩ ጣት ነው፤ የላይኛው ብረት ብሽሽቱን ይመታዋል፣ ሳይክሉ ይጋደማል፣ ልጁም አብሮ ይወድቃል።

ልጅዎ በሁለት ዓመት ያድግበት ይሆናል፤ አደጋ ግን ሁለት ዓመት ቀጠሮ አይሰጥም። ዛሬ በልኩ ይግዙለት። ሲጠበው ለታናሹ ይወርዳል፤ ታናሽ ከሌለው ተሸጦ በላዩ ተጨምሮ ሌላ ይገዛል። መፍትሔው ይህን ያህል ቀላል ሆኖ ሳለ በልጅ ጥርስ አይቆጠብም።

«መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ነዋ! ምን ችግር አለው?»

ችግሩ መቀመጫው ዝቅ ሲል ፍሬሙ አብሮት አለማጠሩ ነው። መቀመጫ የሚያስተካክለው የእግርህን ነው። የክንድህንና የወገብህንስ ማን ያስተካክልልህ? ፍሬም ሲተልቅ ወደ ላይ ብቻ አይተልቅም፤ ከመቀመጫ እስከ መሪ ያለው ርቀትም አብሮ ይረዝማል። መቀመጫውን እስከ መጨረሻው ብታወርደውም መሪው እዚያው ርቆ ይጠብቅሃል። «ወደ ፊት ልጎትተዋ» ብለህ መቀመጫውን ብታስጠጋው ደግሞ ጉልበትህ ከፔዳሉ አልፎ ይሄድና ሕመሙን ከወገብ ወደ ጉልበት ታዛውረዋለህ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ትንሽ ፍሬም ገዝቶ መቀመጫውን እስከ ሰማይ የሚያወጣውም አያመልጠኝም። የመቀመጫው ዘንግ ላይ የተሰመረ ምልክት አለ፤ ከዚያ በላይ አታውጣ የሚል ነው። ለጌጥ የተሰመረ አይደለም። ከምልክቱ በላይ የወጣ ዘንግ ክብደትህን የሚሸከመው በትንሽ ጫፉ ስለሆነ ይታጠፋል፣ ፍሬሙንም ይሰነጥቀዋል። ዳገት መሃል ላይ ተሰብሮ የቀረ ዘንግ ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ሰው ካለ እጁን ያውጣ!

ሰውነትህ ራሱ ይነግርሃል፤ ስማው። ጉልበትህ ከፊት በኩል ካመመህ ብዙ ጊዜ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ከኋላ በኩል ከሳበህ ከፍ ብሏል። አንገትህ ከደረቀ፣ መዳፍህ ከደነዘዘ መሪው ርቆሃል ወይም ከመጠን በላይ ወርዶብሃል። ስትታጠፍ የጫማህ ጫፍ የፊት ጎማውን ከነካ ፍሬሙ አጥሮብህ ሊሆን ይችላል። መቀመጫ በመፍቻ ይስተካከላል፤ ፍሬም ግን የተገዛ ዕለት አለቀ።

«ቁመቴ 1 ሜትር ከ75 ነው፤ 56 ስጠኝ።»

ቁመትህ ውስጥ ጭንቅላትህም ተቆጥሯል። በጭንቅላትህ ፔዳል አትመታም! 1 ሜትር ከ75 የሆኑ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ረጅም እግርና አጭር ደረት፣ ሌላው አጭር እግርና ረጅም ደረት ሊኖራቸው ይችላል። የአንዱ እግር 84 ሴንቲ ሜትር፣ የሌላው 78 ቢሆን ለመጀመሪያው 56፣ ለሁለተኛው 52 ነው የሚቀርበው። በቁመት እኩል የሆኑ ሰዎች በሳይክል አራት ቁጥር ይለያያሉ።

አለካኩ ቀላል ነው፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። ጫማህን አውልቅ። ጀርባህን ግድግዳ አስደግፈህ ቁም፤ በሁለቱ እግሮችህ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፈት። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችህ መካከል አስገባና ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ፣ ጠርዙ ግድግዳውን እየነካ፣ ብሽሽትህ እስኪያቆመው ድረስ ወደ ላይ ግፋው። ደንበኛ መቀመጫ ላይ የተቀመጥክ እስኪመስልህ ጠበቅ አድርገው፤ አፍረህ ዝቅ ብታደርገው የምትዋሸው ራስህን ነው። ወንድምህ ወይም ጓደኛህ የመጽሐፉን ጀርባ ተከትሎ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ያስምር። ከመስመሩ እስከ ወለሉ በልብስ ሰፊ ሜትር ለካው። ደግመህ ለካ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተለያዩ ሦስተኛ ለካ።

ያገኘኸውን ቁጥር በ0.67 አባዛው። እግርህ 80 ከሆነ 53.6 ይመጣል፤ 54 ፍሬም ፈልግ። ይህ ልኬት የሚነበበው ከፔዳሉ መሃል ዘንግ ጀምሮ የመቀመጫው ቱቦ እስከሚያልቅበት ጫፍ ነው፤ ሻጩ ካላወቀው ሜትርህን አውጥተህ ራስህ ለካው። ያንኑ 80 በ0.883 ብታባዛው ደግሞ 70.6 ይሰጥሃል፤ ከፔዳሉ መሃል ዘንግ እስከ መቀመጫው አናት ሊኖር የሚገባው ከፍታ ይህ ነው። ስሌቱን ያስተዋወቀው ቱር ደ ፍራንስን 3 ጊዜ ያሸነፈው አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ ነው። መነሻ እንጂ መደምደሚያ አይደለም፤ ያለ መነሻ ከመሄድ ግን በብዙ ይሻላል።

«ልብሴ ኤም ነው፤ ሳይክሉም ኤም ይበቃኛል።»

ሸሚዝህን ነው የምትነዳው? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ጃያንት የተባለው የታይዋን ኩባንያ የላይኛው ብረቱ ወደ ኋላ የተዳፋ ኮርሳ አወጣና በጥቂት ልኮች ብዙ ሰው ማዳረስ ጀመረ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ቁጥሩ በፊደል ተተካ። ለፋብሪካው ቀለለ፤ ለገዢው ግን ነገሩ ደበዘዘ። የአንዱ ኩባንያ ኤም ከሌላው ኤም አይገጥምም፤ አንዱ ጋ ኤም የሆነው ሌላው ጋ ኤስ ሊሆን ይችላል። ብረቱ የተዳፋ ከሆነ ደግሞ የመቀመጫውን ቱቦ ብቻ ለክተህ አትጨርስም፤ ቱቦው አጥሮ ፍሬሙ ግን ረጅም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፊደሉን ተወውና ርቀቱን ለካ። ከመሪው ቱቦ አናት ጀምረህ ሜትሩን በአግድም ወደ ኋላ ዘርጋ፤ የመቀመጫውን ዘንግ መሃል እስኪመታ ድረስ። ክንድህና ደረትህ የሚኖሩት በዚህ ርቀት ውስጥ ነው። አሁን ያሉት አምራቾች በሰንጠረዣቸው ላይ ስታክ እና ሪች የሚሉት ሁለት ቁጥር አለ። ስታክ የመሪው ቱቦ አናት ከፔዳሉ መሃል ዘንግ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ሪች ምን ያህል ወደ ፊት እንደሚርቅ ይነግርሃል። የአብዛኛው ኮርሳ ሪች ከ36 እስከ 41 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይወድቃል። ከትንሹ እስከ ትልቁ ያለው ልዩነት አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። «አንድ ሁለት ሴንቲ ምን ያመጣል?» የምትለው ሰውዬ፣ ያቺ ሁለት ሴንቲ ናት ወገብህን የምታጎብጠው።

«ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ የላከልኝ ነው፤ የተላከ ነገር ልኩ ይጠየቃል እንዴ?»

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት የተላከ ነገር ነው! ከሀዲያና ከከምባታ ስንት ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሄደ የማያውቅ ቤት የለም። ያ ልጅ ያንን ገንዘብ ያገኘው ሱቅ ውስጥ ቆሞ ውሎ፣ ማታ በፍርሃት በር ዘግቶ ነው። እሱ በላቡ የገዛውን ሳይክል አንተ ልክህ ስላልሆነ በረንዳ ላይ አቁመህ ዝናብ ሲመታው፣ ራጂው ሲዝግ ስታይ ዝም ማለት ወንድምህን ማክበር አይደለም። ይሉኝታ ሳይክል አይነዳም።

ስልክ ሲደውል ንገረው። «ወንድሜ፣ ልትልክልኝ አስበህ ከሆነ ቁጥሬን ያዝ፤ እግሬ 79 ነው፣ 53 ፈልግልኝ» በለው። ይህ ልመና አይባልም፣ ብልግናም አይደለም። ድካሙ ውኃ እንዳይበላው መጠበቅ ነው። አንተም እዚያ ያለኸው፣ «ሰርፕራይዝ ላድርገው» አትበል። ለእናትህ ነጠላ በግምት ይገዛል፤ ኮርሳ ግን በግምት አይገዛም። ደውለህ ጠይቅ፣ ቁጥሩን ጻፍ፣ ከዚያ ግዛ።

«ያለው ይሄ ብቻ ነው፤ ወይ ውሰድ ወይ ተወው።»

ተውኩት! ለዚህ ንግግር ሌላ መልስ የለም።

ግን ነጋዴው ጋሼም አንድ ነገር ይስሙኝ። ዕቃ ሊያመጡ መርካቶ ሲወርዱ አሥር ሳይክል በአንድ ልክ ጭነው አይምጡ። አሥር ሰው አንድ ዓይነት እግር የለውም። ከ50 እስከ 56 ቢያሰባጥሩ ይሸጥልዎታል፤ በልኩ የገዛ ሰው ጓደኛውን ይዞ ይመጣልዎታል። ያለ ልኩ የገዛ ሰው ግን ሰፈሩን ሁሉ «ከዚያ ቤት አትግዙ» ብሎ ይመክራል። ሱቅዎ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ይለጥፉ፤ ፍሬሙ ላይ ቁጥሩን ይጻፉ። ገዢው ወጥቶ ትንሽ ነድቶ እንዲመለስ ይፍቀዱለት፤ መታወቂያውን ይያዙበት።

አሁን ወደ ገዢው ልመለስ። ሁለት ልኮች መካከል ከወደቅህ ምን ታደርጋለህ? ብዙውን ጊዜ ትንሹን ያዝ። ትንሹን መቀመጫውን ከፍ አድርገህ፣ የመሪውን አንገት በረዘመ ቀይረህ ታሰፋዋለህ። ትልቁን ግን ቆርጠህ አታሳጥረውም። ደረትህና ክንድህ ረጅም ከሆኑ፣ ወይም ወገብህ መጎንበስ የማይወድ ከሆነ ግን ትልቁ ይሻልሃል። የኮርሳ መሪ አንገት በተለምዶ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ትልቅ ፍሬም ላይ እጅግ አጭር አንገት ገጥሞ መሪውን የሚያስጠጋ ሰው መሪው ይቅበጠበጥበታል።

«ባለሙያዎቹ ትንሽ ፍሬም ነው የሚነዱት፤ እኔም እንደነሱ!»

እውነት ነው፣ ብዙ ተወዳዳሪዎች አነስ ያለ ፍሬም ከረዥም የመሪ አንገት ጋር ይመርጣሉ። አንተ ግን እንደነሱ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ነድተህ ወገብህን አሠልጥነሃል? ፅጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ከሥሩ የነበረውን ሳይክል ለእሱ ሰውነት ያስተካከሉ የቡድን መካኒኮች ነበሩት። ቤልጅየማዊው ኤዲ መርክስ ቱር ደ ፍራንስን 5 ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። በ1969 (እ.ኤ.አ.) ክፉ አደጋ ደርሶበት ወገቡ ከተጎዳ በኋላ የመቀመጫው ከፍታ ነገር እንቅልፍ ይነሳው ነበር፤ በውድድር መሃል ሳይቀር ያስተካክለው ነበር። እሱ ለሚሊ ሜትር እንዲህ ሲጨነቅ አንተ አራት ሴንቲ ሜትር ስትስት «ይለመዳል» ትላለህ! ከሻምፒዮን መቅዳት ካማረህ ጥንቃቄውን ቅዳ።

የእኛ አገር የሳይክል ታሪክም ትናንት የተጀመረ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ ኢትዮጵያን ወክለው በጎዳና ብስክሌት ተወዳድረዋል። ይህን ያህል ዘመን ያስቆጠረ ስፖርት ያለበት አገር ልጅ ፍሬም በቀለም መምረጡ ያስቆጫል።

«እዚህ አገር ዳገት ነው፤ የሚያስፈልገው ጉልበት እንጂ ፍሬም አይደለም!»

ዳገት ስለሆነ ነዋ ልክ የሚያስፈልገው! ሆሳዕናም ዱራሜም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው። በከምባታ የአምባሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሊወጣ የፈለገ 777 ደረጃ ይጠብቀዋል። እዚህ አገር ሜዳ ፈልገህ ሳይክል አትነዳም።

እስቲ አስላው። በደቂቃ 80 ዙር ብትመታ በአንድ ሰዓት 4,800 ጊዜ እያንዳንዱ ጉልበትህ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ጉልበትህ ከሚገባው በላይ ታጥፎ የሚመለስ ከሆነ በሰዓት 4,800 ጊዜ ራስህን ትጎዳለህ። ጉልበተኛ በሆንክ ቁጥር ደግሞ የምትጎዳው ይበልጥ ነው፤ ባልተመቸ ጉልበት ላይ የበለጠ ስለምትጫን። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትህ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት፤ የሚመከረው ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ነው። ዲግሪ መለኪያ የለኝም ካልክ ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ወደ ኋላ አሽከርክር። ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ካለና ዳሌህ ካልተንቀሳቀሰ፣ በጫማህ ፊት ስትነዳ ጉልበትህ በልኩ ይታጠፋል።

ከዳገቱ በኋላ ደግሞ ቁልቁለት አለ። ከሆሳዕና ወደ ዶዮገና በሚወስደው መንገድ ላይ መኪናና ባጃጅ፣ አህያና ከብት፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉም አንድ አስፋልት ይጋራል። እዚያ የሚያድንህ ፍሬን ላይ ቀድሞ ያለ ጣት ነው። መሪውን ስትይዝ ክርንህ ቀለል ብሎ መታጠፍ አለበት። ክርኑ የተገተረ ሰው ጉድጓድ ሲመታው ንዝረቱ በቀጥታ ትከሻው ላይ ይወጣል። ስለ ጉድጓድ ካነሳን፣ ፍሬሙ ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ እንደሚያስገባ ጠይቅ። በከተማው ኮብልስቶን ላይና በክረምት ጭቃ 28 ወይም 32 ጎማ የሚያስገባ ፍሬም 23 ብቻ ከሚያስገባው በብዙ ይሻልሃል።

«ሴት ልጅ የወንድሟን ትንዳ፤ ለእሷ ደግሞ ሌላ ይገዛል እንዴ?»

እትዬ፣ የወንድሟን እግር ይዛ አልተወለደችም! ለእሷም ግድግዳው፣ መጽሐፉና ሜትሩ ያው ናቸው። መሪው ከትከሻዋ ስፋት እንዳይበልጥ ይታይላት፤ የኮርሳ መሪ ከ38 እስከ 44 ሴንቲ ሜትር ስለሚገኝ ምርጫ አለ። እጇ አነስ ያለ ከሆነ ብዙ የፍሬን እጀታዎች ላይ ወደ መሪው የሚያስጠጋ ትንሽ ብሎን አለ፤ መካኒኩን «አስጠጋልኝ» ትበለው። ረጅም ቀሚስ የምትለብስ ከሆነ የላይኛው ብረቱ ዝቅ ያለ ሳይክል ይፈለግላት። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ለመማር የመጣች ልጅ በሳይክል ክፍል ብትገባ ማን ይከፋዋል? ኢትዮጵያዊቷ ብስክሌተኛ እየሩ ገብሩ ከአገሯ ተሰዳ እንኳ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በፓሪስ ኦሊምፒክ በስደተኞች ቡድን ተሰልፋለች። «ሴት ልጅና ሳይክል» ብሎ የሚያፌዝ ሰው ዳገቱን ከእሷ ኋላ ሆኖ ይሞክረው።

«ግድ የለም፤ መካኒኩ ያስተካክለዋል።»

መካኒኩን አከብረዋለሁ። የላላ ካቴና ያጠብቃል፣ የተጣመመ ቸርኬ ያቃናል፣ የደረቀ ኩሽኔታ ግራሶ ያጠጣል። ፍሬም ማሳጠር ግን ሥራው አይደለም። የአሉሚኒየም ፍሬም የተሠራው በሙቀት ታክሞ ነው፤ መንደር ውስጥ ሲበየድ ብየዳው ዙሪያ ያለው ብረት ጥንካሬው ይወርዳል። የካርቦን ፍሬም ደግሞ ከነጭራሹ አይበየድም። «ቆርጠን እንበይደዋለን» የሚልህን ሰው ሻይ ጋብዘህ ሳይክልህን ይዘህ ውጣ። መካኒኩን የምትፈልገው ከግዢ በፊት ነው። ይዘኸው ሂድ፣ ለድካሙ ክፈለው፣ ዓይኑን ተጠቀምበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

መንገዱም እየመጣ ነው። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተሞች አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ የተነሳው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ይዞ ነው። ከተማ መንገድ ሠርቶ ሲሰጥህ፣ አንተ ልክህ ባልሆነ ፍሬም ሁለት ሳምንት ነድተህ ብትተወው መንገዱ የባጃጅ ማቆሚያ ይሆናል። የብስክሌት መንገድ የሚጠበቀው በሚነዱበት ሰዎች ነው፤ ሰው ደግሞ የሚያመውን ነገር አይነዳም።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸው። ቤትህ እግርህን ለካ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ኪስህ ክተት። ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ «ፍሬሙ ስንት ነው?» በል። ከብረቱ በላይ እግርህን አንፈራጥጠህ ቁም፤ ብረቱ አግድም ከሆነ ከብሽሽትህ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ተቀመጥ፣ ተረከዝህን ፔዳል ላይ አድርገህ ሞክር። መሪውን ያዝ፣ ክርንህን እይ፣ ፍሬኑን ጭመቅ። ወጥተህ ዳገቱን ትንሽ ንዳ፣ ቁልቁለቱን ትንሽ ውረድ። ይህን ሁሉ ጨርሰህ ነው «ስንት ነው?» የምትለው።

ልክህ ያልሆነውን በግማሽ ዋጋ ቢያቀርቡልህም አትግዛ። በነፃ ቢሰጡህም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልኬ አይደለም» ብለህ ልኩ ለሆነ ሰው እንዲሰጡት ንገራቸው።